እማዬ ጠበል ነው ብላ የጠጣችው

ለውድ አባቴ ለድሬሰር ኩምሳ፦

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚቀሰቀሰው የወገብዎ ነገር ዘንድሮ ራርቶልዎታል? ጆሮዎንማ አልጠይቅም፤ ማዳመጫው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ ወንድሜ ደግነት ነግሮኛል። የጓሮው ፓፓያስ አፈራ ወይስ አሁንም ቅጠል ብቻ ነው? እኛ፣ ማለት እኔ፣ ክንፉና ልጃችን ሜሪ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ልድገመው አባባ፤ እማዬ ደህና ናት። ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች "ምን አልሽው? ምን ብለሽ ጻፍሽው?" እያለች መፈናፈኛ አሳጥታኛለች።

እማዬ ደህና ናት እያልኩ የምደጋግመው ወሬው ቀድሞኝ እርስዎ ዘንድ መድረሱን ስለሰማሁ ነው። ሀረገወይን የምትባል፣ ኤል ሴሪቶ የምትኖር፣ ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ሴት አለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። የአክስቷ ልጅ እዚያ አዳማ እናንተ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ ጋ ይኖራል አሉ። እናም "ሸዋረጋን ልጇ ከላብራቶሪ መርዝ አምጥታ አጠጣቻት፣ ሆስፒታል ገብታለች" የሚለው ወሬ ከኦክላንድ አዳማ ለመድረስ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ደግነት ደውሎ "አባባ እራቱን ትቶ ተነሳ፣ ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አልዞር ብሎታል" ሲለኝ ወዲያው እማዬን ጠርቼ ስልክ አነሳሁ። በቪዲዮ ብናሳይዎትም ድምፁ አልሰማ አለዎት፤ ፊቷን አይተው ብቻ "ከስታለች፣ ትደብቁኛላችሁ፣ ቶሎ ትሳፈር" ብለው ስልኩን ለደግነት መለሱለት። እንግዲህ እርስዎን የሚያሳምን ወረቀት ብቻ ነው፤ ያዩትንና ያነበቡትን እንጂ ከእኛ የሰሙትን አያምኑም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ የእኛ ነገር ደግሞ ራሱ የውሃ ነገር ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርልዎት።

የምሠራበትን ቦታ ያውቁታል። እዚህ ኦክላንድ፣ ከወደቡ አጠገብ፣ ኦይስተር የሚፈለፈልበት ቤት ነው። ኦይስተር ማለት ያ ድንጋይ በመሰለ ዛጎል ውስጥ የሚኖረው የባሕር እንስሳ ነው፤ እማዬ "የድንጋዩ ጉድ" ትለዋለች። እኛ ለማዕድ አናደርሰውም፤ ከእንቁላል አስፈልፍለን፣ እጩን በትልልቅ ገንዳ አሳድገን፣ ትንሽ ጠንከር ሲል ባሕር ላይ ለሚያረቡት ገበሬዎች እንሰጣለን። እጩ በዓይን አይታይም። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን እንደ ጤፍ ፍሬ የተበተነ ሆኖ ሲዋኝ፣ ሲሽከረከር፣ ሲጋጭ ይውላል፤ ደስ ይላል። ችግሩ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ። እርስዎ ያውቁታል፤ የኮሌራ የአጎት ልጅ ነው። ይሄኛው ሰው ላይ አይበረታም፣ ገንዳ ውስጥ ከገባ ግን ማታ ሲዋኝ ያየነውን እጭ ጠዋት ገንዳው ሥር ተነጥፎ እናገኘዋለን።

እርስዎ ቢሆኑ "መድኃኒት ስጡት" ይላሉ። እኛም እንዲያ ነበር ያልነው። ግን ባሕር ውስጥ አንቲባዮቲክ መጨመር ምን እንደሚያስከትል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ድሮ ክሊኒክዎ ፔኒሲሊን ባንድ መርፌ ያድን የነበረው በኋላ በሦስትም እምቢ ሲል "ተህዋሱ ተማረብን" እያሉ ሲበሳጩ ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አለቃዬ ዶክተር ሊን ሌላ መንገድ ያዘች። ባክቴሪያም የራሱ በሽታ አለው አባባ! ፌጅ ይባላል። ከባክቴሪያው እጅግ ያነሰ ነገር ሆኖ፣ አንዱን ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ መርጦ ይገባበትና ውስጡ ተራብቶ አፈንድቶት ይወጣል። ሌላውን አይነካም፤ ኦይስተሩንም፣ ዓሣውንም፣ ሰውንም አያውቅም። ቪብሪዮ ካለበት ውሃና ጭቃ ፈልገን እናገኘዋለን፣ በዚያው በቪብሪዮ ላይ እናራባዋለን፣ ከዚያ በረቂቅ ማጣሪያ አጣርተን ጠርሙስ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ሲታይ ኩልል ያለ ውሃ ነው፤ የባሕር ውሃ ስለሆነ ግን ጨው ጨው ይላል። ገና በሙከራ ላይ ያለ ሥራ ስለሆነ ሁለት ዓመት ሙሉ ለፍተን ለእኛ ገንዳ የሚስማማ አንድ ጥሩ ፌጅ ብቻ ነበር ያገኘነው። ይህን ይያዙልኝ።

ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት እዚህ ከባድ ሙቀት ሆነና መብራት ለቀናት ጠፋ። ጄኔሬተራችን የገንዳዎቹን ፓምፕ ብቻ ነው የሚችለው፤ ፍሪጆቹ ቀጥ አሉ። ዶክተር ሊን ያለውን ነገር ሁሉ ቤቱ መብራት ላለው ሠራተኛ አከፋፈለች። እሷ ሳን ሆዜ ድረስ የምትነዳ ስለሆነች መንገድ ላይ እንዳይሞቅ ፈርታ የፌጁን ጠርሙስ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም በበረዶ አድርጌ ይዤው ገባሁ። እንዳይጋጭ ብዬ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከምግብ ጋር እንዳይነካካ ብዬ የፍሪጁን ላይኛ መደርደሪያ አራግፌ፣ ጠርጌ፣ ለብቻው አቆምኩት። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሬ "አደራሽን እማዬ፣ ሜሪ እንዳትነካው፣ ማንም እንዳይነካው" አልኳት። እሷም "ምን ነክቶኝ! እኔ እያለሁ?" አለችኝና እኔ ወደ ሥራ ሮጥኩ።

አሁን ይፍረዱኝ። እማዬ ከመጣች ጀምሮ "ጠበል አምጪልኝ" ስትለኝ፣ እኔም "እሺ፣ እሁድ፣ እሺ፣ በሚቀጥለው እሁድ" ስላት ከርሜያለሁ። ጾም ገብቷል። ልጇ አንድ ቀን ኩልል ያለ ውሃ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ከምግብ ለይታ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጣ፣ ልጅ እንዳይነካው አደራ ብላ ወጣች። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ሌላ ምን ይመስላታል? እኔ ራሴ በእሷ ቦታ ብሆን ሌላ አልጠረጥርም ነበር። ልጄ ሳትነግረኝ አመጣችልኝ ብላ በደስታ እንባዋ መጣ አሉ።

መብራቱ በመጣ ማግስት፣ ከሰዓት ገደማ፣ ዶክተር ሊን ደወለችልኝ። ፓምፖቹ ቢሠሩም ውሃው ሞቆ ኖሮ ቪብሪዮው ተነስቶ አንዱን ገንዳ ጨርሶታል፣ ሌሎቹም እየፈዘዙ ነው፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ድረሽ አለችኝ። ፍሪጁን ከፈትኩ። ጠርሙሱ ጨርቁን እንደለበሰ ቆሟል። ሳነሳው ከበደኝ። ሳስቀምጠው ትከሻው ላይ የነበረው ውሃ አሁን እስከ አፉ ጢም ብሏል። አባባ፣ የሚጎድል ነገር አይቼ አውቃለሁ፤ ተቀምጦ የሚጨምር ጠርሙስ ግን አይቼ አላውቅም። እማዬን ጠራኋትና ይሄን ነገር ማን ነካው አልኳት።

"ጠበሉን ነው?" አለችኝ ፈገግ ብላ። "አይዞሽ አያልቅም፤ በጎደለ ቁጥር እየጨመርኩበት ነው።"

ክው አልኩ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ አንድ ስኒ ትጠጣለች። ከቧንቧ ትሞላዋለች። ክንፉንና ሜሪን በተኙበት ረጭታቸዋለች፤ ክንፉ ለካ "ይሄ ቤት ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?" ሲለኝ የከረመው ለዚህ ነው! የበሩን መቃን ረጭታለች። ጎረቤት የታሰረውን ውሻ ሳይቀር በአጥር ላይ ረጭታዋለች፣ ይጮህ ስለነበር። ጨው ጨው አይልም ወይ ስላት "ጠበል እንደ ምንጩ ነው፤ ብረት ብረት የሚልም አለ፣ የሚመርም አለ፤ የአሜሪካው ጨው ነው ብዬ ተቀበልኩት" አለችኝ። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ደግሞ ሆዷን በእጇ ይዛ ነው። ምን ሆነሽ ነው ብላት ከረፋድ ጀምሮ ሆዷን ሲቆርጣትና ሲያመላልሳት እንደዋለ ነገረችኝ።

የማውቀው ሁሉ ከጭንቅላቴ ብን ብሎ ጠፋ። የጠርሙሱን ውሃ ያጣራሁት እኔ ነኝ፣ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጥኩትም እኔ ነኝ፤ ግን እናት ሆድ ውስጥ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ማጣሪያው ሽንቁር ኖሮት ቢሆንስ? ያ የኮሌራ ዘመድ አብሮ ሾልኮ ገብቶ ቢሆንስ? እዚያው ቆሜ ደም ግፊቷን፣ ዕድሜዋን፣ ጾሟን አሰብኩ። እውነቱን ልንገርዎት አባባ፣ እናቴን በገዛ እጄ የገደልኳት መስሎኝ ነበር። ለእርስዎ ምን ብዬ እንደምነግርዎት ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር። ለዶክተር ሊን ኮል አድርጌ ነገርኳት። እጮቿ እየሞቱ፣ የሁለት ዓመት ልፋቷ ስኒ በስኒ ተጠጥቶ፣ ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ "ፌጁ እናትሽን አያውቃትም። ቪብሪዮ ካልሆነች አይነካትም" አለችኝ ቀስ ብላ። "ባሕር ዳር ቆመሽ አንድ ጉንጭ ውሃ ብትውጪ ከዚያ ይበልጣል። አሁን ግን ሐኪም ይያት፤ ገንዳውን ተይው።" ይህን ውለታዋን አልረሳም።

ኢመርጀንሲ ይዣት ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ምን ጠጣች ሲለኝ ፌጁን ለማስረዳት ስሞክር፣ ጠበሉን ለማስረዳት ስሞክር፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንዳደናገረው እንጃ። ለጥንቃቄ ብሎ የመርዝ መረጃ ወደሚሰጡት ሰዎች ስልክ ደወለ። ታዲያ ሀረገወይን የታመመ ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታ ኖሮ ከመጋረጃው ወዲያ "ፖይዝን" የሚለውን ሰማች። ወሬው የተወለደው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላማ በራሱ እግር ሄደ።

ደም ሰጠች፣ ተመረመረች። ሐኪሙ ከዚህ ውሃ ሌላ ምን በላሽ እያለ ይጠይቃል፣ እኔ አስተረጉማለሁ፣ እማዬ "ጾም ላይ ነኝ፣ ምን እበላለሁ!" ትላለች። ደጋግሞ ቢጠይቃት ደጋግማ ያንኑ። በዚህ መሃል ክንፉ ከቤት ደወለ። ጎረቤታችን ሮሳ፣ ያች የሜክሲኮዋ ባልቴት፣ ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ በለስ ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ "ሴትዮዋ ጠዋት የሰጠኋትን እዚያው አጥሩ ጋ ቆማ ጨርሳ ስለወደደችው ጨመርኩላት" ትላለች አለኝ። ስልኩን ይዤ እማዬን አየኋት። እሷ መስኮቱን አየች። ለካ በማለዳ፣ ያውም በፍልሰታ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ፣ ባዶ ሆዷን አንድ ሳህን ሙሉ ትኩስ በለስ አውርዳለች! "ደስ ብሏት ስትሰጠኝ እንዴት እምቢ ልበላት፣ ቋንቋ የለኝ" አለችኝ በመጨረሻ። ለሐኪሙ ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የበለሱ ነገር ነው፣ ጨዋማው ውሃም ግፊቷን ትንሽ ከፍ አድርጎታል፣ እንጂ ሌላ ምንም የለባትም አለን። የደሙም ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ። እፎይ! አባባ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ሳቄና ለቅሶዬ ተደባልቆ አላፊ አግዳሚው ሰው የሞተብኝ መስሎት አዘነልኝ።

ሥጋዋ እንዲህ ዳነ። ነፍሷ ግን ገና ነበረች። መኪና ውስጥ ስንገባ ቀበቶዋን አሰረችና "ያ ውሃ ከድንጋዩ ጉድ ነው የወጣው?" አለችኝ። መዋሸት ፈልጌ አልሆነልኝም። ከእሱ በሽታ ነው የተራባው አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችው። "በእመቤቴ ጾም!" አለች። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ እንደማይበላ ከልጅነቷ የምታውቀው ነው፤ አንድ ቀን ክንፉ ከምግብ ቤት ይዞት በመጣው ሽሪምፕ የተነሳ ድስቱን ሳይቀር ያስጣለች ሴት ናት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው። ቤት ገብታ ያን ሁሉ የረጨችውን መቃን በሳሙና ስታጥብ አመሸች። ሜሪን ሁለት ጊዜ አጠበቻት፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ብትነጫነጭም የሰማት የለም። "ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ስዘጋጅ ራሴን አረከስኩ" እያለች እህል አልቀምስ አለች። እርስዎ እዚያ እራትዎን ትተው፣ እሷ እዚህ እራቷን ትታ፤ ባልና ሚስት ባትነጋገሩም ትመካከራላችሁ።

በዚያው ምሽት ጠርሙሱን ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። ዶክተር ሊን በብርሃን አየችው። የቧንቧው ክሎሪን ፌጁን ሳይጨርሰው አልቀረም ብላ ተስፋዋ ተሟጥጦ ነበር፤ ቢሆንም እንሞክር አለች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቪብሪዮውን ሳህን ላይ እንደ ደመና እስኪጋርድ ታበቅሉታላችሁ፣ ከዚያ ከጠርሙሱ ጠብታ ጠብታ ታሳርፉበታላችሁ። ፌጁ በሕይወት ካለ ባረፈበት ቦታ ደመናው ተበስቶ ክብ መስኮት ይከፈታል። ከሞተ ደመናው ደመና ሆኖ ይቀራል። በማግስቱ ሳህኑን ስከፍት ሰማይ ሙሉ መስኮት ጠብቄ አልነበረም። አራት አምስት ትንንሽ ክብ ብቻ ነበረ። ለእኔ ግን በቂ ነበር። ፌጅ እንደ እርሾ ነው፤ ጥቂት ካለ ይበቃል፣ የሚበላውን ስጡት እንጂ ይመለሳል። ከእነዚያ ትንንሽ ክቦች ጭረን አዲስ ቪብሪዮ ሰጠነው፤ ተራባ፤ አጣርተን ገንዳዎቹ ውስጥ ጨመርነው። አንዱን ገንዳ አጥተናል፣ አልደብቅዎትም። ሌሎቹ ግን በሳምንቱ መጨረሻ እንደገና መሽከርከር ጀመሩ። ዶክተር ሊን አዲሱን ጠርሙስ በአራት ቦታ ከፋፍላ አስቀምጣ ስታበቃ "አንዱም ወደ እናንተ ቤት አይሄድም" አለችኝ። ይገባኛል፤ እኔም ብሆን አልሰጥም።

እሁድ እማዬን ወደ ቀሲስ ህዝቅያስ ወሰድኳት። ውሃውን፣ መርጨቷን፣ ውሻውን ሳይቀር ተናዘዘች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሟትና "ያላወቁትን በእምነት ጠጡት፤ ሰውም አልጎዱበት፣ ራስዎንም አልጎዱበት። እሱን ይተዉት፣ አያሳዝንዎት" አሏት። እማዬ ተነሥታ እጃቸውን ልትስም ስትል ገታ አደረጓትና "በለሱንስ?" አሏት። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል ለካ! "እማማ ሸዋረጋ፣ ሔዋንም እኮ ያሳሳታት ዛፍ ነው፤ ያውም የጎረቤት አልነበረም" ብለው ስግደት ጨመሩባት። እማዬ እየሳቀች ወጣች። ከዚያ ቀን በፊት ለሳምንት ያህል ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ቤት ስንደርስ ሽሮዋን ሙልጭ አድርጋ በላች፤ እኔም ክንፉም እሷ ስትበላ ቁጭ ብለን እንደ ቴሌቪዥን አየናት።

ከጾሙ በኋላ ደግሞ "ያን የድንጋይ ጉድሽን አሳዪኝ" አለችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩና ይዣት ሄድኩ። ዶክተር ሊን ጎንበስ ብላ ተቀበለቻት፤ እማዬም ጎንበስ አለች፤ ማን ቀድሞ ቀና ይበል እስኪቸግራቸው ቆዩ። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን አሳርፌላት እጩ ሲሽከረከር አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ነገሩን አስጸያፊ ትለዋለች ብዬ ነበር። "ነፍስ ነው" አለች ቀና ሳትል። "አይበላም ተባለ እንጂ ይሙት አልተባለም።" ለዶክተር ሊን ስተረጉምላት ወረቀት ላይ ጽፋ ገንዳው አጠገብ ለጠፈችው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጠበሉን አመጣሁላት፣ እውነተኛውን፣ ከቤተ ክርስቲያን። ክንፉ በአማርኛ በትልቁ ጽፎ ለጥፎበታል። ታዲያ ትጠጣለች መሰልዎት? አልጠጣም አለች። የተጻፈውን አነበበች፣ ጠርሙሱን አሸተተች፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው፣ ከዚያ ስኒውን ወደ እኔ ገፋችና "ቅመሺ" አለችኝ። ጠላ የሚያሳልፍ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ እንደሚሰጠው ማለቷ ነው፤ እሷ ደግሞ እናቴ ናት፣ ዘንድሮ የመፍራት መብት አላት። ቀመስኩ። ፊቴን ታየኛለች። ትንሽ ቆይታ እሷም ጠጣች። በማግስቱም እንዲሁ፣ ዛሬም እንዲሁ። እርስዎ የእንክብል ሰው ስለሆኑ እኔም የእርስዎ ልጅ ሆኜ ጠበል ለስንት ዓመት ሳልቀምስ የኖርኩት፣ አሁን በየማለዳው ከሥራ በፊት ባዶ ሆዴን ጠጪ ሆኛለሁ። እርስዎና እማዬ ዕድሜ ልክ የተከራከራችሁበትን እሷ ያለ ክርክር አሸነፈችዎት።

እሷ ፊቴን ስታየኝ ግን አባባ፣ የማስታውሰው እርስዎን ነው። ልጆች ሆነን ወባ ሲይዘን ያን የሚመር ሽሮፕ ይዘው ሲመጡ አፋችንን ስንቆልፍ፣ ቀድመው ከማንኪያው ይቀምሱ ነበር። እኔና እህቴ ዮዲ ዓይናችን ፊትዎ ላይ ነው። ያን ያህል እየመረረዎት ቅንድብዎን እንኳ አያነቃንቁም ነበር። ያኔ የምንጠጣው ጣፋጭ መስሎን አልነበረም፤ እርስዎ ስለቀመሱት ነበር።

እንግዲህ እማዬ በተባለው ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ፣ በሰላም ትመለስልዎታለች፤ ከዚያ በፊት "ትሳፈር" የሚለውን ያንሱልን። ሐኪሙ ግፊቷን ደግሞ አይቶት ወርዷል። ለደግነት ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ ይበሉልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ተቀብሎ ለቤቱ ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብ የበለሱን ቦታ እንዳይዘል። ለባለቤቱ ለአመለወርቅ፣ እርግዝናው እንዴት ነው ይበሉልኝ፤ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ። ዮዲን ይሳሙልኝ፣ ስልክ ስደውል ታንሳ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ላለው ለሀረገወይን የአክስት ልጅም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፣ እማዬ ምስር እየለቀመች ነው ይበሉት። ክንፉ ጉልበትዎን ይስማል። ሜሪ "ሃይ አባባ" ብላለች፤ አማርኛውን ትሰማለች እንጂ አትመልስም፣ ግን ውሻው ጠበል ከተረጨ ወዲህ መጮህ ማቆሙን ለእርስዎ እንድጽፍ አዝዛኛለች።

እማዬ ምስሩን ጨርሳ ወረቀቱን ልትቀማኝ ነው። የእኔንም ጨምሪበት ትላለች። ቃሏን እንዳለ ልጻፍልዎት፦ "ኩምሳ፣ ደህና ነኝ። ልጅህ ሳትቀምስ የምታጠጣኝ ነገር የለም። አንተም አሁን እራትህን ብላ።"

አክባሪ ልጅዎ
የወርቅውሃ ኩምሳ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.